የጋሽ ሙሄ የአፈር ጣሳ

ከቤቴ በር ፊት ለፊት አንድ ባጃጅ ጠጋኝ አለ። ሥራውን ሲጨርስ በዘይት የጠቆረ እጁን በአፈርና በውሃ ሲያሽ ሽታው መንገዱን ተሻግሮ እኔ ዘንድ ይገባል። የተቃጠለ ዘይትና እርጥብ አፈር ሲቀላቀሉ ከሁለቱም የተለየ ሽታ ይወጣቸዋል። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ ጋሽ ሙሄም ኮምቦልቻ ውስጥ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይታዩኛል።

ጋሽ ሙሄ ደሴ ውስጥ አጥር ለአጥር የምንገናኝ ጎረቤታችን ነበሩ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሠራሉ። ጎማውን በጉልበታቸው መካከል ይይዙና ቢላዋውን ውሃ ውስጥ እየነከሩ ሲቆርጡት ድምፁ ጎመን እንደሚከትፍ ሰው ነበር። የሁለቱንም እግር ሳይለኩ ጫማ አይሠሩም። «አንዱ ይበቃል» የሚል ደንበኛ ሲመጣ «ግራው ይቀየመኛል» ይሉና በከሰል ዙሪያውን ያሰምሩበታል። እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ እሳቸው ሰላታቸውን የማያጓድሉ እስላም። እኔ ግን ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ውዬ የማመሸው ከእሳቸው ደጅ ነበር፤ ምክንያቱም ጥያቄ አበዛለሁ። ሌላው ትልቅ ሰው «ሂጂ ወዲያ!» ይለኛል። ጋሽ ሙሄ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ይመልሱልኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል፤ ሳሙና የሚገኘው ተሰልፎ ነው። በዚያ ክረምት እናቴ አክስቴ ዘንድ ኮምቦልቻ ልካኝ ነበር። ጋሽ ሙሄ አሮጌ ጎማ ሊገዙ ሲወርዱ ይዘውኝ እንዲመለሱ አደራ ተባሉ።

ጎማ የሚሸጡት የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው፤ የሚቆሙትም ከአንድ የተወረሰ ጋራዥ አጠገብ ነበር። ባለቤቱ አገር ጥሎ ከጠፋ ቆይቷል። ግቢው ውስጥ የተቃጠለ ዘይት የሚንጠባጠብበት በርሜል አለ፤ ከበርሜሉ ሥር አንድ ውሻ በአጭር ሰንሰለት ታስሯል። ጥቁር ነው። ጎድኑ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ስንቀርበው ራሱን እንኳ አላነሳም፤ ዓይኑን ብቻ አዞረ።

ጋሽ ሙሄ ዘበኛውን ጠሩት። አበጋዝ ይባላል፤ የሚያውቃቸው ነው።

«ይሄ ውሻ ምን ይበላል?»

«እኔ ምን አውቄ! የሚሰጠኝ ደመወዝ የአንድ ሰው ነው።»

«እንግዲያስ ፍታው፤ ሄዶ ለራሱ ይፈልግ።»

«ፍታው? አንተ ሰውዬ፣ ልታሳስረኝ ነው? የመንግሥት ውሻ ነው! ጋራዡ ሲወረስ አብሮ ተወርሷል፤ መዝገብ ላይ አለ።»

ጋሽ ሙሄ ሳቁ። «ውሻም ይወረሳል?»

«ሳቅ አንተ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ሲያጣው በዚህ ሰንሰለት እኔን ነው የሚያስሩኝ።»

«ወይ አብሉት፣ ወይ ፍቱት። ሦስተኛ የለውም» አሉ ጋሽ ሙሄ፤ አሁን አይስቁም።

አበጋዝ ከጥበቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ወረቀት አምጥቶ ዘረጋላቸው። ጋሽ ሙሄ የሚያነቡት ዐረብኛ ብቻ ነው። እኔ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ስለዚህ ወረቀቱ እኔ እጅ ገባ። ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «በርሜል አራት። የብረት በር አንድ። ውሻ አንድ፣ ቀለሙ ጥቁር።»

ጋሽ ሙሄ ጥቂት አሰቡና ውሻው አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ጉድ አልኩ። ደሴ ላይ ውሻ በምራቁ ከነካቸው ልብሳቸውን የሚያጥቡ ሰው ናቸው። አሁን ግን ጆሮውን በሁለት ጣታቸው ገልብጠው ውስጡን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው «ወንድሜ፣ የተወረሰ ንብረት ማጠብ ክልክል ነው?» አሉ።

«ምኑን ነው የምታጥበው?»

«ውሻውን። ንብረት በንጽሕና ይያዝ እያለ አይደል በየቀኑ የሚጮኸው ማጉያው?»

«ለማጠቡማ ማን ይከለክልሃል። የሚበላሸው እጅህ ነው።»

እኔ በቆርቆሮ ውሃ አመላለስኩ። ጋሽ ሙሄ ከአጥሩ ሥር አፈር ዘግነው ጀርባውን ያሹት ጀመር። ውሻው አንዴ አጉረመረመ፤ «አይዞህ፣ አይዞህ» ሲሉት ተወ። የሚወርደው ውሃ እንደ ቀለም ጥቁር ነው። እንደገና አፈር፣ እንደገና ውሃ። ዘይቱ በአፈሩ እየተላቀቀ ሲሄድ መጀመሪያ ትከሻው፣ ቀጥሎ ወገቡ ሌላ መልክ አወጣ። አበጋዝ ዱላውን ጥሎ እየቀረበ መጣ።

«ይታይሽ፣ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» አሉኝ ጋሽ ሙሄ።

«ቡላ!» አልኩ።

«ወረቀቱስ ምን ይላል?»

«ጥቁር።»

አበጋዝ ወረቀቱን አየ፣ ውሻውን አየ። ሊስቅ ብሎ መለሰው። «እሺ፣ ይሄ መዝገብ ላይ የለም። ጥቁሩ የት ሄደ ቢሉኝስ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ውሻውን ይዞ እብስ ይል ነበር። ጋሽ ሙሄ ግን «ልክ ነህ» አሉት። «እሱ ተፈትቶ አንተ መታሰር የለብህም።» ከዚያ በወረቀቱ ጀርባ እንድጽፍ አዘዙኝ። ያሉኝን ቃል በቃል ጻፍኩ፦ «ጥቁር የተባለው ውሻ ሲታጠብ ቡላ ሆኖ ተገኝቷል። የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጠያቂ ሲመጣ ሙሄ፣ በረባሶ ሠሪው፣ ደሴ።» አውራ ጣታቸውን በርሜሉ አፍ ላይ ነክረው በተቃጠለው ዘይት ፈረሙ። በዚያ ዘመን ስምን በመንግሥት ወረቀት ላይ በገዛ እጅ ማስፈር ቀልድ አልነበረም። አበጋዝ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሰንሰለቱን ራሱ ፈታው።

ጋሽ ሙሄ ከመሄዳችን በፊት እጃቸውን ታጠቡ። መጀመሪያ በአፈር፣ ከዚያ በውሃ ብቻ። ሰባት ጊዜ፤ ቆጥሬያለሁ።

«ለምን ሰባት?»

«ውሻ ሲነካን እንዲህ ታጠቡ ተብለናል።»

«እንዲህ የሚያስታጥብ ከሆነ ለምን ነኩት?»

«እጅ ይታጠባል፣ ልጄ። ታስሮ ሲሞት አይቼ ባልፍ ኖሮ ምኔን እታጠብ ነበር?»

ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት የወጣነው በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ ከጎማዎቹ መካከል ተቀምጠን ነው። ውሻው አክስቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ጨርሶ እግሬ ላይ ተኛ። ከዘይቱ ሥር ሌላ ቀለም እንዳለ በምን እንዳወቁ ጠየቅኋቸው።

«የጆሮውን ውስጥ አየሁት» አሉኝ። «ዘይት እዚያ አይደርስም።»

ደሴ ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ ፋጤ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። «ሙሄ! መላእክት የሚሸሹትን ውሻ ይዘህልኝ መጣህ?»

«ቤት አይገባም። ከአጥሩ ጥግ ነው የሚያድር።»

እትዬ ፋጤ ጀርባቸውን ሰጥተው ገቡ። በማግስቱ ግን ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ንጹሕ አፈር ሞልተው ከበሩ አጠገብ አስቀመጡ። «ከነካኸው በኋላ ሳትታጠብ ዕቃዬን እንዳትይዝ!» አሉ። አፈሩ ባለቀ ቁጥር የሚሞሉት እሳቸው ነበሩ፤ የውሻውንም ምግብ እንደዚሁ። ውሻውን በቀለሙ ቡላ አልነው፤ ከዚያ ወዲያ ታስሮ አያውቅም።

እኔ ግን ለብዙ ጊዜ ፈራሁ። ካኪ የለበሰ ሰው በሰፈራችን ባለፈ ቁጥር ያን ወረቀት የያዘ እየመሰለኝ ከአጥሩ ሥር እደበቅ ነበር። ጽሕፈቱ የእኔ ነዋ። ማንም አልመጣም። በእነዚያ ዓመታት ስንቱ ሰው እንዲህ ነው ተብሎ ወረቀት ላይ ተጻፈበት፤ የእንዲህ ዓይነቱን ሰው ታሪክ ስሰማ ጆሮውን ገልብጦ ያየው ይኖር ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ቡላ አርጅቶ ሞተ። ጋሽ ሙሄም ከእሱ በኋላ ብዙ ቆይተው አለፉ። እትዬ ፋጤ ቤቱን ለቀው ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ ጣሳውን በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ። ዝጎ ሥዕሉ ጠፍቷል፤ ዛሬም ከቤቴ በር አጠገብ አፈር ሞልቼ አኖረዋለሁ። ባጃጅ ጠጋኙ የሚዘግነው ከእሱ ነው።

ትናንት አንዴ ለቅለቅ አደረገና እጁን ዘርግቶ አሳየኝ።

«ጠራ፣ እትዬ?»

«ገና ነው» አልኩት። «ስድስት ይቀርሃል።»