ዲያቆኑ ከነባለቤቱ

የእጅ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት፣ ሰውየው ቃል ከማውጣቱ በፊት አንድ ጆሮ የሚሰነጥቅ ጩኸት ያወጣል። ያን ጩኸት ስሰማ ከቦታው እርቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ከተፈናቃዮቹ ጋር በቆምንበት ሜዳ አጃቢዎቹ ስም መጥራት ሲጀምሩ ለምን ወደ መኪናው እንደተመለስሁ ጠይቀኸኝ ነበር። ዝርዝሩን በስልክህ አንስተህ «ሁሉም እዚህ ላይ አለ» አልኸኝ። ወረቀት መያዝህ ጥሩ ነው። እኔም የተፈናቃይ ምስክርነት እየመዘገብሁ ሃያ ዓመት ወረቀት ስሰበስብ ኖሬያለሁ። ሐሰት መሆኑን በእርግጠኝነት የማውቀው ግን አንድ ዝርዝር አለ፤ እኔ ራሴ ተጽፌበታለሁ።

አምስት ዓመቴ ነበር። ድርቁ የጠናበት ጊዜ ስለነበር እናቴ የቀረችንን አንዲት በግ ልትሸጥ ከጋይንቱ ቤታችን አርብ ገበያ ይዛኝ ወረደች። አባቴ የታመመ በሬ ሲጠብቅ ቤት ቀረ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ገበያው በታጣቂ ተከበበ። አንድ ካድሬ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠና ሰውን ለሰፈራ መመዝገብ ጀመረ። የሚፈልገው ቤተሰብ ነበር፤ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ። ከእናቴ ጎን ደበሎ የለበሰ ወጣት ዲያቆን ቆሟል። ድጓ ሊማር እዚያው ጋይንት ወዳለው የቤተ ልሔም ደብር ሲሄድ ቁራሽ ሊለምን ገበያው መሐል የገባ ሰው ነው።

«ሚስትህ ናት?» አለው ካድሬው።

«አይደለችም። አላውቃትም።»

እናቴ «ባሌ ቤት ነው፣ ሄጄ ልጥራው» ብላ ለመነች።

ካድሬው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «መንገድ ላይ ትተዋወቃላችሁ» አለና ጻፈ። አጠገቡ የቆሙት ሳቁ። ካርቦኑ ሲነሣ ሦስት ቅጂ ሆነን ነበር፤ ዲያቆኑ፣ ከነባለቤቱና ከነልጁ።

ከገበያው በመኪና ተጭነን በደረስንበት የቆላ ሰፈራ የተሰጠን አንድ ጎጆ ነው። ዲያቆኑ በሳምንቱ ከኋላ በኩል ከሽመል ቀርከሃ የራሱን መጠለያ ሠራ። ሰባት ዓመት እዚያ ኖረ። እናቴ ምግቡን ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ታስቀምጥለታለች፤ እሱ ውሃውን ከእኛ ደጃፍ ያስቀምጣል። እሷ «ዲያቆን» እያለች አንቱ ትለዋለች፤ እሱ «እታለም» ይላታል። ፊደል የቆጠርሁት በእሱ እጅ ነው። ወባ ሲጥለኝ ውዳሴ ማርያም የሚደግምልኝ ድምፅ ከሽመሉ ግድግዳ ወዲያ ይመጣ ነበር። ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ይህን የምነግርህ ልጅ ሆኜ ያመንሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው።

በሰባተኛው ዓመት አመፁ ቆላው ደረሰ። የአካባቢው ሰው የመንግሥት ናችሁ አለን፤ መንግሥት የዐማፅያን ዘመድ ናችሁ አለን። የሰፈራው ሊቀ መንበር ዝርዝሩን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ይዞ ከፊት መራን፤ ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር እስቴ ደረስን። ከእስቴ ወደ ስማዳ የሚወስደው መንገድ ግን የማን እንደሆነ በየቀኑ ይለዋወጥ ነበር። ብቻውን የወጣ አይደርስም። ወገዳ ድረስ ሊያጅቡን የአካባቢው ታጣቂዎች ፈቀዱ፤ መሪያቸው አንድ አሥር አለቃ ነበር።

«ቤተሰብ ይሻገራል» አለ አሥር አለቃው። «ነጠላ ወንድ እዚሁ ይቀራል። ሰርጎ ገብ አላሻግርም።»

ይቀራል ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ከሰልፉ የተለዩት ሁለት ጎረምሶች የት እንደተወሰዱ የነገረን የለም። የአንደኛው እናት ያደርንበት መጋዘን ግንብ ሥር ተቀምጣ ነጠላዋን ትቀዳድድ ነበር።

እናቴ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ትል ነበር፦ የመመለሻው ቀን ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው ስሜን ከዚያ ወረቀት ማስፋቅ ነው። ሰልፉ ላይ ቆመን ዞር አለችና በለሆሳስ ተናገረች።

«ዲያቆን፣ እውነቱን ብነግራቸውስ?»

«ንገሪያቸው እታለም። አገርሽ ልትገቢ ነው።»

«አንቱስ?»

«እኔን እግዜር ያውቀኛል።»

«እግዜርማ ያውቃል። የማያውቀው አሥር አለቃው ነው።»

ከኋላችን የቆመች አሮጊት ምርኩዟን መሬት ላይ መታ መታ አደረገች። «ኧረ እናንተ ባልና ሚስት፣ ጠቡን እቤታችሁ አድርሱት። እኛም መሄድ አለብን።»

ሰው ሳቀ። ዲያቆኑ አንገቱን ደፋ። እናቴ የሳቀችም ያዘነችም አትመስልም ነበር፤ የምታሰላ ትመስል ነበር። ተራችን ደረሰ። የአሥር አለቃው ጠመንጃ ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ወረቀቱ ላብ ጠጥቶ ሐምራዊ ቀለሙ ተዥጎርጉሯል።

«ባልሽ ነው?»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። «ነው።»

ወደ እኔ አጎነበሰ። «አንቺስ፣ ምንሽ ነው ይሄ?»

«አባቴ» አልሁ። አልተደናቀፍሁም። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ብዙ ሰው ሲዋሽ ሰምቻለሁ፤ የዚያን ቀን የእኔን ያህል ያለሰለሰ አላገኘሁም።

ሁለት ቀን ተጓዝን። የግንቦት ዝናብ አንድ ሁለት ቀን ጥሎ ስለነበር የታረሰው መሬት ሽታው ይነሣ ነበር፤ እናቴ እየቆመች ጓል ታነሣና ታሸተዋለች። አጃቢዎቹ ከፊትና ከኋላ ናቸው፤ የጠመንጃቸው ማንገቻ ቀለበት ከእርምጃቸው ጋር ያንቃጭላል። ዲያቆኑ እንደ ወትሮው ወደ ኋላ ርቆ ይሄዳል። አንደኛው ታጣቂ «ሚስትህን እያጀብንልህ አንተ ታዘግማለህ?» ብሎ ገፈተረው፤ ከእኛ ጎን አሰለፈው። እናቴ የመንገዱን ዳር ይዛ ሄደች።

የወገዳ ባሕር ዛፍ ከሩቅ ሲታይ እናቴ ጅረት ዳር ቁጢጥ ብላ ፊቷን ታጠበች። ፀጉሬን በውሃ አርሳ ጎነጎነችልኝ። «ሰማሽ፣» አለችኝ፣ «ወረቀቱ ሥራውን ጨርሷል። ከዚህ ወዲያ እኔ የአባትሽ ሚስት ነኝ። ዲያቆንም መንገዱን ይሄዳል።» እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ወረቀቱ ሥራውን አልጨረሰም ነበር። አሥር አለቃው የተረከበውን ሰው ለወገዳው ኃላፊ ማስረከብ ነበረበት፤ ርክክቡ ደግሞ በስም ጥሪ ነው። ገበያው ሜዳ ላይ አሰለፉን። ከፊታችን ወሬ ሰምተው ከጋይንት የወረዱ ዘመዶች ተኮልኩለዋል። ከመሐላቸው የተዋሳትን በቅሎ ልጓም የያዘ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው ቆሟል። እኔ አላወቅሁትም። እናቴ ክንዴን እስኪያመኝ ጨመቀችኝ።

ድምፅ ማጉያው ጮኸ። የዲያቆኑ ስም ተጠራ፤ «ከነባለቤቱና ከነልጁ» ተባለ።

መልስ የለም። ደገመው። «አቤት የማይል ቤተሰብ ይመለሳል» አለ አሥር አለቃው፤ ታጣቂዎቹ ዲያቆኑን እያዩ መጠጋት ጀመሩ።

«አቤት» አለች እናቴ።

ሜዳው ተንሾካሾከ።

«የዚያ ሰውዬ ሚስት አይደለችም እንዴ?»

«ዲያቆን ነው ያገባት?»

«ሰባት ዓመት እኮ ነው ወንድሜ፣ ምን ታድርግ።»

«ዝም በል፣ ባልዮው ቆሟል።»

አባቴ በቅሎዋን እየሳበ መጣ። እናቴን ትከሻዋን ሳመ፤ እኔን ግንባሬን። ለዲያቆኑ «እንኳን በደህና ገቡ» አለው፤ ድምፁ የከፋው ሰው ድምፅ አልነበረም።

ዲያቆኑ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ይኸው ነው። ደጁን ይዤ ልማልልዎ። ይህም ሰው ይስማ።»

«አልጠየቅሁዎትም።»

«ባይጠይቁኝም። ለእርሷም፣ ለእኔም።»

«አልጠየቅሁም አልሁ። መንገድዎ ሩቅ ነው፤ ይሂዱ።»

እዚህ ላይ ነው ንዴቴ የሚጀምረው። በእኛ አገር መሐላ ተቀባይ ይፈልጋል። ሳይጠየቅ የሚምል ጥፋተኛ ይመስላል፤ ተበዳይ ነው የተባለው ሰው መሐላውን ካልተቀበለ ደግሞ ነገሩ አለቀ። የሰው ሚስት ወሰደ የተባለ ዲያቆን ቤተ መቅደስ አይገባም። አባቴ አንድ ቃል፣ «ይማሉ» ብቻ ቢል፣ ሁለት ሰው ነፃ ይወጣ ነበር። ጨዋነት መስሎት ይሁን የሚሰማውን ፈርቶ አላወቅሁም። የማላውቀውን አልጽፍም። ግን ካድሬውን እንደምቆጣው፣ አሥር አለቃውን እንደምቆጣው፣ አባቴንም እቆጣዋለሁ። እሱን እወደዋለሁ፤ ያም ንዴቱን አላበረደልኝም።

ቤት ከገባን በኋላ ሞቶ እስኪለየን ድረስ አንድም ቀን አልጠየቃትም። ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ እጁን አላነሣባትም። ሰፈሩ «ደግ ባል» አለው። እናቴ አንድ ጊዜ፣ ገብስ ሲያበጥሩ፣ «ብትጠይቀኝ ምን አለበት?» ስትለው ሰምቻለሁ። «ጥያቄ የለኝም» አላትና መንሹን አነሣ። በቀረው ዘመኗ ያልተጠየቀችውን ጥያቄ ስትመልስ ኖረች፤ ለጎረቤት፣ ለነፍስ አባቷ፣ ለእኔ።

ስለ ዲያቆኑ በኋላ፣ ሥራውን ከጀመርሁ ወዲህ፣ ጋይንትም ስማዳም እየዞርሁ ጠይቄያለሁ። ያረጋገጥሁት ይህን ነው፦ ቤተ ልሔም አልደረሰም። ወሬው ቀድሞት ነበርና ከመንገድ ራሱ ተመለሰ። ስማዳ ውስጥ የሰው መሬት እያረሰ ኖረ፤ አላገባም፤ አልቀሰሰም። ቤቱን ፈልጌ ስደርስ ከተቀበረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ጎረቤቱ «ሲያርስ ያዜም ነበር፤ ደብር ሄዶ ግን ከቅጽሩ ውጭ ይቆማል» አለኝ። ማን ከለከለው ብዬ ጠየቅሁ። «ማንም» አለኝ።

ዲያቆኑን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ዕለት ወገዳ ነው። አባቴ ከእናቴ ኋላ በበቅሎዋ ላይ አፈናጠጠኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ ነውና ወርጄ ጉልበቱን ስሜ መሰናበት ፈለግሁ። እናቴ ፊቷን ሳታዞር «አትሂጂ» አለችኝ። እሱ ከሜዳው ጥግ ብቻውን ቆሟል። እጁን ሊያነሣልኝ ጀመረ፤ ሰው እንደሚያየው ትዝ ያለው ይመስለኛል፤ ግማሽ ላይ መልሶ ደበሎው ውስጥ ከተተው። እኔም የእናቴን ወገብ ይዤ ቀረሁ።