የእናቴ የአሥራ አራት ቀን ኪኒን

ላሊበላ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እንጀራዬ የሚወጣው ከሰው ሰገራ ነው ብል ያስቀይማል እንጂ ውሸት የለበትም። ያቃጥለኛል፣ ያገሳኛል፣ ይነፋኛል የሚል ሁሉ በብልቃጥ ይዞልኝ ይመጣል። እኔም መመርመሪያዋ ላይ ጠብ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ ሁለት መስመር ከወጣ የጨጓራ ባክቴሪያ አለበት ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል። አንድ ብቻ ሲወጣ ያጠፋሁ እየመሰለኝ እደግመዋለሁ። በሽተኛውም ቢሆን ደስ አይለውም። አንዱን አስጎብኚ "ነጻ ነህ" ብለው፣ "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ያቃጠለኝ ምንድን ነው? ሌላ ቦታ እመረመራለሁ" ብሎ አኩርፎኝ ወጣ።

እናቴ ገነተ ማርያም አጠገብ ነው የምትኖረው። ጨጓራዋን ለዓመታት በተልባ ስታባብለው ኖራለች። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ አገሩን ሁሉ ስመረምር እሷን ያመጣኋት ሰገራዬ ጠቆረ ካለችኝ በኋላ ነው። ሁለት መስመር ወጣ። ሐኪሙ ጨጓራዋ ቆስሎ መድማት እንደጀመረ ነግሮን የአሥራ አራት ቀን መድኃኒት አዘዘላት።

"አንድ ቀን እንዳይዘለል" አለ። "ከተቋረጠ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ደሙ ከባሰ ደግሞ ደሴ መላክ ሊመጣ ነው።"

ከእኛ አገር የሚደማ ሰው ይዞ ደሴ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ፈራሁ።

በሰባተኛው ቀን ልጠይቃት ብሄድ ኪኒኑ አልቋል።

"እማዬ፣ የቀረው የት ገባ?"

"የት ይገባል? ሰው ሆድ ውስጥ ነዋ! ጎረቤቴንም እንደኔው ያቃጥላታል፣ ባሏም እንደዚያው። አባም ጾሙ ጨጓራቸውን አነደደው። ኪኒኑን በምግብ ዋጪ ብለው ከጾም የፈቱኝ እሳቸው፣ ዝም ልበላቸው?"

"ጨጓራሽ የሚደማው አንቺ ነሽ እኮ!"

"ታዲያ ብቻዬን ልዳን?" አለች፣ ነውር የተናገርኩ ይመስል።

ጮኽኩባት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ግን ጮኽኩባት። ሐኪሙ መድኃኒቱን በሌላ የአሥራ አራት ቀን ለወጠላትና ይሄኛው ካልሠራ እዚህ የምሰጣት የለኝም አለ። ለጎረቤት አንዲት ፍሬ እንዳትሰጥ በገነተ ማርያም አስማልኳት። ጎረቤቶቿንም ኑና ተመርመሩ አልኳቸው። መጡ፤ ባልና ሚስቱም አባም ሁለት ሁለት መስመር። እናቴ ያለ መመርመሪያ አንዳቸውንም አልሳተችም ነበር።

የራሴ ነገር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ከእናቴ ጋር ካንድ ትሪ ስበላ፣ ስታጎርሰኝ ያደግሁ ሰው፣ ከማገሳት በቀር ምንም ስለማይለኝ ራሴን መርምሬ አላውቅም። መረመርኩ። ለራሴ ሲሆን አልደገምኩትም፤ ሁለቱም መስመሮች ቁልጭ ብለው ነበር።

ብርታት ይሆናት መስሎኝ ደወልኩላት። አዲሱን መድኃኒት ከጀመረች ስምንተኛ ቀኗ ነበር።

"አይዞሽ እማዬ፣ እኔም አለብኝ!" አልኳት እየሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። "አንቺም ይደማሻል?"

"ኧረ ምንም አይለኝም።"

"አንቺ ደግሞ መቼ አመመኝ ብለሽ ታውቂያለሽ" ብላ ወዲያው ስለ በጎቹ አወራችኝ።

ቅዳሜ ያችው ጎረቤቷ ለገበያ መጥታ ክሊኒኩ ድረስ ዘለቀች። ተሳሳምን። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። የስድስት ቀን ኪኒን ነው።

"እናትሽ ናት የላከችልሽ። 'የማልሁት ለጎረቤት ነው፣ ለልጄ አልማልሁም' በያት ብላኛለች።"

ስንቱን በሽተኛ አንድ ቀን እንዳትዘሉ እያልኩ ስመክር እንደኖርኩ እንጃ። እናቴ ግን መዋጥ ያቆመችው እኔ ስቄ ከደወልኩላት ቀን ጀምሮ ነው።

"ሆዷስ?" አልኳት፣ ወረቀቱን እንደያዝኩ።

ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች። "ትናንት እንደገና ጠቆረብኝ ብላለች። ለልጄ እንዳትነግሪያት፣ መድኃኒቱን አልወስድም ትላለች ብላ አስምላኛለች።"

ጋውኔን ሳላወልቅ መኪና ፍለጋ ወጣሁ።