አጎቴ የለቀሟቸው የቀንድ አውጣ ድንጋዮች

አምቦ ከተማ ጂኦግራፊ ያስተምሩ የነበሩት አጎቴ ከኮታቸው ኪስ ሎሚ አይጠፋም ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ከምንኖርበት ከእንጭኒ ወደ ሙገር ሸለቆ ይዘውኝ ይወርዱና፣ ነጣ ያለ ድንጋይ ሲያገኙ ሎሚውን ጠብ ያደርጉበታል። ከተፍለቀለቀ የኖራ ድንጋይ ነው። ቦታው ከብዙ ዘመን በፊት የባሕር ወለል ስለነበር፣ ድንጋዩ ውስጥ ደርቀው የቀሩትን የባሕር ቀንድ አውጣዎች ያሳዩኝና «ባሕሩ ምን ይመስል ነበር?» ይሉኛል። ቅርፊታቸው ከተሰባበረ ማዕበል የሚንጠው፣ ሳይነካ ከቀረ ደግሞ ጸጥ ያለ ባሕር ነበር ማለት ነው። መልሱን ባገኘውም አይለቁኝም፤ «በምን አወቅሽ?» ይላሉ።

የቀብራቸው ቀን የእድር ሰዎች መቃብሩን የሚከቡበት ድንጋይ ሲቸግራቸው፣ ከግቢያችን ጥግ የተከመረውን ጭነው ወሰዱ። አጎቴ ስንት ዓመት የለቀሙት ነበር! ለቅሶ ላይ መሆኔን ረስቼ ጮህኩባቸው። የእድሩ ሊቀመንበር ደንግጠው፣ «ለአጥር ግንብ ያከማቹት መስሎን እኮ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

በአርባቸው ማግስት ብቻዬን ወደ መቃብራቸው ሄድኩ። ድንጋዮቹ ቀንድ አውጣ ያለበት ፊታቸው ወደ አፈሩ ተደፍቷል። አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ከራስጌያቸው ባለው ላይ ይዤው የመጣሁትን ሎሚ ጨመቅኩበት፤ ተፍለቀለቀ። ከቅርፊቶቹ አንድም የተሰበረ የለም።

«ጸጥ ያለ ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ከዚያ እንደ ልማዴ፣ «በምን አወቅሽ?» እስኪሉኝ ቆሜ ጠበቅሁ።