ጠባቡን የመረጥኩት እኔ ነኝ

በ1991 ዓ.ም. ዕድሜዬ ሃምሳ ዘጠኝ ነበር። ቤታችን መካኒሳ ነው፣ ዛሬም እዚያው ነን። ሥራዬ የጽሕፈት መኪና መጠገን ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ሲሆን እሱንም አልጨረስኩትም። ይልቅስ ፊደልን የማውቀው ከብረቱ ነው። መኪናው ላይ ፊደል የሚቀረጸው ተገልብጦ ስለሆነ ወረቀት ላይ ሳየው ግራ ይገባኛል፣ ብረት ላይ ግን በጣቴ ዳብሼ እነግራችኋለሁ። ይህንንም የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው።

ባለቤቴን ያገኘኋት በመኪና ሰበብ ነው። መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። መኪናዋ ተበላሸ ተባልኩና ሄጄ ጠገንኩት። በሳምንቱ ደግሞ ተበላሸ። በሦስተኛው ሳምንት ውስጡን ስከፍተው የላጲስ ፍርፋሪ ሞልቶታል። ከተጋባን በኋላ «ሆን ብለሽ ነው?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። አዎ አላለችም፣ አይደለምም አላለችም። እንግዲህ ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩት በዚያች ፍርፋሪ ነው ማለት ይቻላል።

ጡረታ ስትወጣ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ጽሕፈት ቤት አደረግናት። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ ጥግ ላይ ባለችው ጠረጴዛዬ እጠግናለሁ። ከዚያ ኮምፒውተር ገዛች። ኮምፒውተሩ ሲገባ የኔ ጠረጴዛ ወደ በረንዳ ወጣ። «ለትንሽ ጊዜ ነው» አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ።

ጓሮ ሰርቪስ ቤታችን ውስጥ አንድ ተከራይ ነበረን፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር። ወደ አርባ ይጠጋል፣ አላገባም። በመካኒሳ ጭቃ ጫማው የማይቆሽሽ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ከመጀመሪያውም ያልወደድኩት በዚህ ነው።

ደንበኞች ጽሑፋቸውን በፍሎፒ ዲስክ ያመጣሉ። ከፍሎፒው ጋር ቫይረስ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ድርቅ ይላል። ባለቤቴ ተነስታ «መምህር!» ብላ ትጣራለች። ድሮ አንድ ነገር ሲበላሽ የምትጣራው የኔን ስም ነበር።

አንድ ቀን ይኸው መምህር ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና፣ «እትዬ፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያስነሳ፣ ግን ነጻ የሆነ ፕሮግራም አለ እኮ። ሊኑክስ ይባላል። የደንበኛውን ፍሎፒ መጀመሪያ በሱ ከፍተው ያዩታል። ይሄ ቫይረስ እዚያ አይሠራም» አላት።

«የአማርኛ መጻፊያዬስ?»

«እሱ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም እዚሁ ኮምፒውተር ላይ እንጭናለን። ሲበራ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቃል።»

«ነጻ ማለት?» አልኩ ከበረንዳ።

«ማንም አይሸጠውም ጋሼ። የሠሩት ሰዎች ውስጡን ከፍተው ለሁሉ አሳይተዋል። የፈለገ ያያል፣ የቻለ ይጠግናል።»

«በነጻ የሚሰጥ ሰው የሚፈልገው ነገር አለው» አልኩ።

«አንተ ደግሞ!» አለች ባለቤቴ። እሱ ግን ሳቀ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ሲዲ ይዞ መጣ። ሊኑክስም ብዙ ዓይነት አለው ለካ። አንደኛው ለመጫን ይቀላል፣ ሁለተኛው ያስቸግራል፣ አንዴ ከገባ ግን አይነቃነቅም አላት። እሷም ሁለቱን አገላብጣ እያየች፣ «አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?» ብላ ጠየቀችው። ይህች ሴት የመጋረጃ ጨርቅ እንኳ እኔን ሳትጠይቅ ገዝታ አታውቅም። የማይነቃነቀውን መረጡ። አብረው።

የሚጫንበት ቀን እሷ ላፍቶ ለቅሶ ሄደች። ጽሑፎቿን ሁሉ ቀድመው በፍሎፒ አውጥተውት ነበር። መምህሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊጭን ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላው ቆምኩ። ሁሉ ነገር የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስኩ ለሁለት መከፈል አለበት አለኝ። ወረቀት አውጥቶ አንድ ረጅም ሣጥን ሣለና በመሐል መስመር አሰመረበት። ከፊት ጠባብ፣ ከኋላ ሰፊ።

«ከፊት ያለችው ጠባቧ ለሊኑክስ ትሆናለች፣ መነሻው ላይ ሲሆን ነው ሳያስቸግር የሚነሳው። ሰፊው የእትዬ ነው።»

«ቆይ ቆይ» አልኩት። «የከፈልከው አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው የምመርጠው እኔ ነኝ።»

እኛ ዘንድ ወንድማማች ርስት ሲካፈል ታላቁ ይከፍላል፣ ታናሹ ይመርጣል። እኔም ካባቴ መሬት የደረሰኝን የወሰድኩት እንደዚያ ነው። ከፋዩ ራሱ ከመረጠማ ምኑን ዳኝነት ሆነ?

«ጋሼ፣ ይሄ መሬት አይደለም እኮ።»

«በኔ ቤት ውስጥ እስከተከፈለ ድረስ መሬት ነው። ከፊት ያለው የባለቤቴ ይሁን።»

«ጠባብ ነው፣ ቶሎ ይሞላባቸዋል።»

«ጠባብም ቢሆን መንገድ ዳር ነው። ሰፊ ሰፊው ሁሌ ጎርፍ የሚበላው ወንዝ ዳር ነው የሚሰጠው።» በላፍቶ በኩል መሬት የተመሩ ሰዎች ሲታለሉ አይቻለሁ። ይሄ ንጹሕ ጫማ እኔን አያታልለኝም አልኩ በልቤ።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ «እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ» ብሎ መስመሩን እንደተሰመረ ተወው፣ ስሞቹን ብቻ አቀያየረ። የሷ ከፊት ገባ፣ የሱ ከኋላ።

አንድ ወር ያህል ሰላም ነበር ልበል? ለነሱ ሰላም ነበር። ኮምፒውተሩ ሲበራ «የቱን?» ይላል፣ ባለቤቴ ትመርጣለች። ፍሎፒ ሲመጣ ወደ ኋላው ትገባለች። እዚያ ለመግባት ስም ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የምሥጢር ቃል። ስትጽፈው ቃሉ አይታይም፣ ባዶ ነው። «ምን ብለሽ ነው የገባሽው?» አልኳት አንድ ቀን። «ምሥጢር ነዋ፣ ስሙስ የምሥጢር ቃል አይደል!» ብላ ሳቀች። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ የማላውቀው ቃል፣ እሱ ያዋቀረው ቤት ውስጥ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አመመህ ወይ አለችኝ፣ ጥርሴን ነው አልኩ።

ከዚያ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን አመጣ። ሥዕል፣ ሰንጠረዥ፣ ምን የሌለበት አለ። ባለቤቴ ግማሽ ላይ ስትደርስ ኮምፒውተሩ ቦታ የለኝም አላት። ሞላ። «መምህር!» አለች።

በበረንዳው መስኮት አያቸዋለሁ። ጎን ለጎን ተቀምጠው የድሮ ጽሑፎቿን ሁሉ አንድ በአንድ ከሷ ክፍል ወደሱ ክፍል ያሻግራሉ። ደብዳቤው፣ ማመልከቻው፣ የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ። እሱ የሆነ ነገር ሲላት ትከሻውን መታ አድርጋ ሳቀች። መፍቻዬን አስቀምጬ ገባሁ።

«ዕቃሽን ጠቅልለሽ ወደሱ ገባሽ?»

«ወደ ማን?»

«ወደ ጓሮው ነዋ!»

«ምን ላድርግ፣ የኔ ጠበበኝ!» አለችና ድንገት ወደ መምህሩ ዞረች። «ቆይ፣ የኔው ኮምፒውተር ላይ የኔ ለምን ጠበበ? ሰፊውን ለራስህ አድርገህ ነው?»

መምህሩ ጫማውን አየ። እኔን አላየኝም። አንዲት ቃል ብትወጣው ያበቃልኝ ነበር።

«ይቅርታ እትዬ» አለ። «አላሰብኩበትም።»

«አላሰብኩበትም ይባላል? እኔ አምኜህ! በል ያንተን ነገር አንሳልኝ፣ አልፈልግም።»

ሲዲውን ይዞ ወጣ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ግን ሲወጣ ተረከዙ ላይ ትንሽ ጭቃ አየሁ፣ ያንን ለምን እንዳየሁት አላውቅም።

ማሻገሩ በመሐል ስለቀረ ኮምፒውተሩ አሁንም ሙሉ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ አጠፋችው። የድሮውን የጽሕፈት መኪና ልብሱን ገፍፋ አወጣችና የተማሪውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ገጽ መምታት ጀመረች። ጣቷ ኮምፒውተሩን ስለለመደ ይሳሳታል፣ ወረቀት ትቀድዳለች፣ ትጥላለች። ከዚያ ጠራችኝ። በስሜ።

«ና እስቲ፣ ሪባኑ አልዞርም አለ።»

የጠበቅኩት ይህንን ነበር። ከጎኗ ተቀመጥኩ፣ ሪባኑን አስተካከልኩ፣ ጣቴ ጠቆረ። እሷ ግን አላየችኝም። የተከመረውን ወረቀት ነበር የምታየው።

«ጥሩ ሰው መስሎኝ» አለች። «ሰው አለማወቄ ነው የሚገርመኝ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ «ዘይት ያስፈልገዋል» አልኩና ተነሳሁ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በላጲስ ፍርፋሪ የጠራችኝ ሴት፣ ዛሬ እኔ ራሴ ባበላሸሁት ነገር ስትለፋ ዘይት ልፈልግ ወጣሁ። ባልንጀራዬ እንዲህ አደረግሁ ብሎ ቢነግረኝ እተፋበት ነበር።

በነጋታው ጠዋት እሷ ሳትገባ ቀድሜ ጽሕፈት ቤቱን ከፈትኩ። በእርሳስና በማስመሪያ አንድ ረጅም ሣጥን ሣልኩ፣ በመሐሉም መስመር አሰመርኩ፣ አንደኛው ወገን ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ። ከዚያ ጓሮ ሄጄ የመምህሩን በር አንኳኳሁና «ሲዲህን ይዘህ ና» አልኩት። ሦስታችንም ኮምፒውተሩ ፊት ስንቆም ወረቀቱን ባለቤቴ ፊት አስቀመጥኩትና፣ «ያኔ ጠባቡን የመረጥኩልሽ እኔ ነኝ፣ እሱ ሰፊውን ነበር የሰጠሽ። ዛሬ የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ ምረጪ» አልኳት።