ለማርቆስ የጻፍኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ሦስት እሁድ እጄን አንስቼ ሦስት እሁድ መልሼ አውርጃለሁ። አንደበቴ ገበያ ላይ እንጂ እዚህ አይፈታም፤ ታገሱኝ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። የማታውቁኝም ቅቤዬን ታውቁታላችሁ። ሶዶ ውስጥ ስንት ዓመት ስነግድ ባለቤቴን እዚህ ደጃፍ ድረስ በባጃጅ አደርሳት ነበር እንጂ አልገባም። "ግባ እንጂ" ስትለኝ፣ "አንቺ ለሁለታችንም ጸልዪ፤ በጅምላ ይሻላል" እላት ነበር። ጌታ ይህን ሁሉ ሰምቶ ታገሰኝ፤ ክብር ለስሙ ይሁን!

ታናሽ ወንድሜ ማርቆስ ሞተር ነጂ ነበር። ባለፈው ክረምት ሃላሌ ገበያ የገዛሁትን ቅቤ እንዲያመጣልኝ ላክሁት። ከዚያ ደወለ። "ጋሼ፣ ዝናቡ ከባድ ነው፤ መንገዱ ሳሙና ሆኗል። ነገ ላምጣው" አለኝ።

እኔ ምን አልኩ? "ገበያው አንተን ይጠብቃል? ዝናብ የሚፈራ ሰው ሞተር ምን ያደርግለታል?" አልኩት።

መጣ። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ተንሸራቶ እግሩ ላይ ወደቀ። ወገኖቼ፣ ቅቤው ምንም አልሆነም። ይህን እንዴት አወቅሁ? መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ቅቤው ነዋ!

ወጌሻ አስሮለት ቤት ሰነበተ። ዱቦ ሆስፒታል ስናደርሰው እግሩ ጠቁሯል። ዶክተሩ ከጎንደር የመጣ ወጣት ነው፤ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። "ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ ሕይወቱን እናጣለን" አለኝ።

"ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?"

"አልፈርምም ብሏል፣ ጋሼ። ያለ ፈቃዱ አልነካውም። ቢበዛ ሦስት ቀን አለን።"

ልገባ ስል ማርቆስ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። "እሱን አስወጡልኝ" አለ። እሱ! ጋሼ እንኳ አላለኝም። የምታስታምመው እህታችን አስቴር ተከትላኝ ወጣች። "ስልኩን ዘግቷል፤ ፓስተሩንም አላናግርም ብሏል። አንተ የሚያበረታ ነገር ጻፍለት፤ እኔ አነብለታለሁ" አለችኝ።

ሶዶ ተመለስኩ። ሱቄ ውስጥ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ሚዛኑን እወለውላለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ። የሚያበረታ ነገር ከየት ላምጣ? ቀና ስል ባለቤቴ የሰቀለችው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አለ፤ በየወሩ አንድ ጥቅስ። ደስ አለኝ! አንድ በአንድ ገለበጥኩ፤ በየመሃሉ "ወንድሜ ማርቆስ" እያልኩ አጣፈጥኩት። ፓስተር ቢያየው ይቀና ነበር። በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላክሁት።

በማግስቱ ጠዋት አስቴር ደወለች።

"አነበብኩለት። ሳቀ።"

"እሰይ!"

"እሰይ አትበል። ያው ካላንደር እዚህ አልጋው ፊት ለፊት ተሰቅሏል። እኔ ስጀምር እሱ ይጨርሰው ነበር። 'ከመስከረም እስከ ሰኔ በተራ ገልብጧል፤ ሐምሌ ላይ ወረቀት አለቀበት መሰለኝ' አለ።"

"ሌላስ?"

ድምጿን ዝቅ አደረገች። ከዚያ፣ "'ጋሼ ከላይ ለጋ ቅቤ ለብጦ ነው የላከልኝ፤ መሃሉን እኔ አውቀዋለሁ' አለ" አለችኝ።

ገበያ የምትወጡ ታውቁታላችሁ፤ ብልጥ ገዢ ከላይ አያሸትም፣ "ከመሃሉ አውጣልኝ" ነው የሚለው። አንዳንድ ነጋዴ የቆየውን ከውስጥ ደብቆ ትኩሱን ከላይ ይለብጣላ! ማን እንደሚያደርገው አልናገርም፤ እዚህ ብዙ ነጋዴዎች አላችሁ። ወንድሜ ግን ከመሃል አወጣልኝ።

በጠራራ ፀሐይ ሱቄን ከውስጥ ዘጋሁ። ደንበኛ ያንኳኳል፤ "አለህ?" ይላል፤ የለሁም። አራት ወረቀት አበላሸሁ። ዞርኩ፣ ዞርኩ፤ ሱቋ ጠባብ ናት፣ የትም አያስኬድም። ያን ጊዜ እንደቆምኩ፣ "ጌታ ሆይ፣ እኔ አንተን የማውቅህ በባለቤቴ በኩል ነው። ለዚህ ልጅ የምሰጠው የለኝም። እውነቱን እንድጽፍ እርዳኝ፤ እኔንም ማረኝ" አልኩ። ሃሌ ሉያ! እዚያ ቅቤ የሚሸት ወለል ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ጌታ እዚያ አገኘኝ!

ተነሥቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ማርቆስ፣ ዝናብ ነው ብለኸኝ ነበር። ና ያልኩህ እኔ ነኝ። ስትወድቅም ስለ ቅቤው ጠየቅሁ። ለእናታችን 'ራሱ ቸኩሎ ነው' ብያታለሁ፤ ዋሽቻለሁ። አሁን ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ። በርታ ልልህ አፍ የለኝም። ዛሬ ጌታን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ አንተንም እጠይቅሃለሁ። ይቅር ባትለኝም ፈርም። ስትጠላኝ ለመኖርም ቢሆን ኑርልኝ።"

ለእናቴ ነገርኳት፤ ከዚያ ሚኒባስ ያዝኩ። ወረቀቱን ለአስቴር ሰጥቼ ግቢው ውስጥ ስመላለስ ዘበኛው፣ "ጋሼ፣ ሣሩን ጨረስከው፤ ቁጭ በል" አለኝ። እንዴት ልቀመጥ? ከብዙ ቆይታ በኋላ አስቴር ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። "ጋሼን ጥሩልኝ ብሏል" አለችኝ።

ገባሁ። ጋቢው ከፊቱ ላይ ተነሥቷል።

"ለእማዬ ነገርካት?"

"ነገርኳት።"

"ምን አለች?"

"ዱላ ፈለገች። ጌታ ሰወረልኝ፤ አጣችው።"

ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። "ጋሼ፣ ፈርቻለሁ" አለኝ። "እኔም ፈርቻለሁ" አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዤ ጸለይኩ፤ ቃላት ሲጠፋኝ እሱ ሞላልኝ። ከዚያ፣ "እስክሪብቶህን ስጠኝና ዶክተሩን ጥራልኝ" አለ። ጌታ ይባረክ! ፈረመ!

ቅዱሳን፣ እግሩ አልዳነም፤ ተቆርጧል። ላታልላችሁ አልቆምኩም። ዶክተሩ ግን፣ "አንድ ቀን ብንዘገይ አይተርፍም ነበር" ብሎኛል። ከሞት ያተረፈው አምላክ ይመስገን! እኔም ዛሬ ሰላሜ ሙሉ ነው አልላችሁም። ዝናብ ሲጀምር አሁንም ሱቅ ውስጥ መቀመጥ ያቅተኛል፤ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ግን እየተመላለስኩ የማናግረው ጌታ አለኝ፤ እሱም እኔን መስማት አይታክተውም። ስሙ ይባረክ!

የታመመ፣ የታሰረ፣ ወይም ፊቱን ያዞረባችሁ ሰው ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ጻፉለት። የምትጽፉት ከጠፋችሁ ደግሞ መጀመሪያ ጌታን እመኑትና ለእሱ ንገሩት። እኔን የተቀበለ እናንተን አይመልስም።

ማርቆስ ያውና፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ። ለጸሎት ቁሙ ሲባል በክራንች ነው የሚነሣው፤ እኔ ግን በሁለት እግሬ አንድም ቀን ቀድሜው ተነሥቼ አላውቅም።