የሟች ቤት ይህ ነው?

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰሞን ነው። የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ሳስበው ግን የሚያስቅ ነገር አላገኝበትም፤ ለዚህ ይሆናል ከልቤ ያልወጣው።

ብቸና ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ጨርቅ የምገዛው ከሞጣ ነው። አንድ ቀን ጨርቄን ይዤ ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ብቸና ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ተገለበጠ። ቀኝ ክንዴ በመስኮት ወጥቶ ከሥር ቀረ። ስነቃ ሆስፒታል ነኝ፤ እጄ ከክርኔ በላይ ተቆርጧል። ሐኪሙ ቀስ አድርጎ ሲነግረኝ "እሺ" አልኩት። ሌላ ምን እንደሚባል አላወቅኩም።

የተቆረጠውን እጄን አጎቴ በአቡጀዲ ጠቅልሎ ተረከበ። በእኛ ዘንድ የሰው አካል አይጣልም፤ ቤተ ክርስቲያን ይቀበራል። አጎቴ ከፊት፣ እናቴ እያለቀሰች ከኋላ ሆነው ወስደው ቀበሩት።

ዕለቱ ገበያ ነበር። ሚኒባሱ መገልበጡን የሰማና ቤተሰቤን የሚያውቅ አንድ የሞጣ ነጋዴ በዚያ ሲያልፍ አጎቴ ሲቆፍር፣ እናቴ ስታለቅስ ከሩቅ አየ። ምን እንደሚቀበር ማን ጠይቆ ያውቃል? ሞጣ ሲደርስ ልብስ ሰፊው ሞቷል ብሎ አወራ። በዚያ ሰሞን ስልክ አይሠራም ነበርና የሚያጣራ አልተገኘም።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ አንድ ጠዋት ጋቢ ደርቤ በራችን ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ። ከሞጣ ሽማግሌዎች መጡ። መስቀል የያዙ አንድ ቄስ ከፊት ናቸው። ከኋላቸው አንድ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ይከተላል።

"ልጄ፣ የሟች ቤት ይህ ነው?" አሉኝ ቄሱ።

"አዎ፣ ይግቡ" አልኳቸው።

ተነሥቼ በሩን ከፈትኩላቸው። እናቴ ወጣች። ቄሱ ስለ ልጇ ሞት ይቅርታ ሊለምኑ እንደመጡ መናገር ሲጀምሩ፣ የትኛው ልጄ ብላ ደነገጠች። ልብስ ሰፊው አሏት። እኔን አሳየቻቸው።

ድንጋይ የተሸከመው ሾፌሩ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ድንጋዩን ጥሎ ተጠመጠመብኝ። ቁስሌን አሳመመኝ፤ ግን እያለቀሰ ስለነበር አልገፋሁትም። ሽማግሌዎቹ እግዚአብሔርን አመሰገኑ። እናቴ ጠላ ቀዳች። ለሞቴ የመጡ ሰዎች በመትረፌ ጠጡ፤ እኔም እንግዳ እንደመጣበት ሰው አስተናገድኩ።

የሚኒባሱ ባለቤት በእነሱ እጅ የደም ካሳ ልኮ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ፣ አንዴ ስለመጣ ለእጁ ይሁንለት አለ። እናቴ ግን አልተቀበለችም።

"የልጄን የደም ካሳ በቁሙ እያለ ቤቴ አላስገባም። ሟርት ነው" አለች።

ሁሉም ወዲያው ተስማሙ። የሟች ለሕያው አይሆንም፣ የእጁ ካሳ ለብቻው ይነገራል ተባለ። መስቀል ተሳልሜ ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ። ያመጡትን ይዘው ተመለሱ። የስፌት መኪናዬ ጥግ ላይ በነጠላ ተሸፍኖ ቆሟል፤ በሁለት እጅ ነው የሚሠራው። ወደዚያ ያየ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሞጣ ተመላለስኩ። መንገድ ሲዘጋ እቀራለሁ፣ ሲከፈት እሄዳለሁ። የሚኒባሱ ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም። በሄድኩ ቁጥር ምሳ ያቀርብልኛል። ሰው ፊት በግራ እጄ መብላት እንደማፍር ስላወቀ ራሱ ያጎርሰኛል። ካሳውን ሳነሳበት፣ ዋናው ነፍስህ ተርፋለች፣ ትንሽ ታገሥ ይለኛል። በእጁ ያጎረሰኝን ሰው ምን ብዬ ልቆጣው? ክሰስ የሚሉኝ ነበሩ፤ እናቴ ግን መስቀል ተሳልመህ ይቅር ብለህ እንዴት ፍርድ ቤት ትሄዳለህ ትላለች። እኔ ሁለቱንም እሺ እላለሁ።

ነገሩ እንዳላለቀ የሰሙት እኚያው ቄስ ናቸው። ባለቤቱ ቤት ሄደው የልጁ ጉዳይ ሳያልቅ እህል አልቀምስም ብለው ተቀመጡ። እኔንም አስጠሩኝ። ስደርስ ባለቤቱ ገንዘቡን ቋጥሮ አቀረበ። የመጀመሪያውን ያህል አልነበረም። ልቀበል ግራ እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት። ሽማግሌ ፊት በአንድ እጅ፣ ያውም በግራ መቀበል ነውር ነው።

ቄሱ ተነሥተው አጠገቤ ቆሙ። የራሳቸውን ቀኝ እጅ ከእኔ ግራ እጅ ጋር አገጣጥመው ዘረጉ።

"በል፣ እንዲህ ተቀበል" አሉኝ።

በሁለት እጅ ተቀበልኩ። እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነበር። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ የተሰማኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። መንገድ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያን ዕለት ለምን አዎ አልከኝ?" አሉ።

"እውነት መስሎኝ ነው፣ አባ።"

አልገሠጹኝም፣ አላጽናኑኝም። ክንዴን እንደያዙ ሄድን።

አሁን ለልብስ ሰፊዎች ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የምሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጠዋት ስሄድ እጄ የተቀበረበትን ቤተ ክርስቲያን አልፋለሁ። እናቴ አብራኝ ካለች ትሳለማለች፤ እስክትጨርስ ቆሜ እጠብቃታለሁ። አላዝንም፣ አልናደድምም። ደህና ነህ ወይ ሲሉኝ ደህና ነኝ እላለሁ። ዛሬ ሽማግሌዎች መጥተው እንደዚያን ቀን ቢጠይቁኝ ግን፣ ቤት ተሳስታችኋል የምላቸው ይመስለኛል።