ጤዛው የበዛበት ሰፈር

ሴትዮዋ መጋረጃ እየሰፋች ነው የምትተዳደረው። የምትሠራው ከአንድ ቀለም መሸጫ በላይ ባለ ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። ተሰፍተው ያለቁት መጋረጃዎች ባለቤቶቻቸው መጥተው እስኪወስዷቸው ድረስ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሽቦ ላይ ይሰቀላሉ፤ መስኮቱ ሲከፈት ሁሉም አንድ ላይ ይነፋሉ፣ አንድ ላይ ይሟሽሻሉ። የሚገባ ደንበኛ ሳያስበው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። “የተኛ ሰው ያለ ይመስላል” ያላት አለ። እሷም የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች፣ ሁለት ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች፣ በአፍንጫዋ ብቻ ትስቃለች።

እኔ ያወቅኋት ግን እዚያ አይደለም፣ ጤዛ ሰፈር ነው። ጤዛ ሰፈር ኢንተርኔት ላይ ያለ አትክልት ቦታ ነው። የሠራው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ፎቅ ላይ ለሚኖሩ፣ እፍኝ አፈር እንኳ ለሌላቸው ሰዎች ብሎ። ስልክህን ከፍተህ ስትገባ አንዲት መደብ ይሰጥሃል። ትዘራለህ፣ ታጠጣለህ፤ አጥር የሚባል ነገር ስለሌለ ወደ ጎረቤት መደብ ተሻግረህ “እንዴት አደራችሁ” ትላለህ። ብርሃኑ ሁልጊዜ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ያለው ዓይነት ነው። ወንድምየው ሌላ ሰዓት መሥራት አቅቶት እንደተወው ይናገራል፤ እኛ ግን ወደድነው። እኔ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። በምሳ ሰዓት፣ የመሰርሰሪያው ድምፅ ከጀርባዬ እያፏጨ፣ ስልኬን ስከፍት ንጋት ላይ እደርስ ነበር።

እዚያ ማንም በስሙ አይጠራም። መጋረጃ ሰፊዋ “መርፌ” ነበረች።

የሰፈሩ ገንዘብ ጤዛ ነው። በየማለዳው የገባ ሁሉ ጥቂት ጠብታ ይወርድለታል፤ በእሱም ገበያ ወጥቶ ከሌላው ሰው ዘር ይገዛል። አበባው የጎመራለት ደግሞ ዘር ለቅሞ ይሸጣል። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ሸጋ ነበር። ኋላ ግን ሰው በዛ፤ ጤዛው በየማለዳው ይወርዳል፣ መሄጃ ግን የለውም። ዋጋ ወጣ። በአንዲት ጠብታ ይገኝ የነበረ የሱፍ አበባ ዘር እንስራ ሙሉ ጤዛ ጠየቀ። አዲስ የገባ ሰው ባዶ መደቡ ላይ ቆሞ የሌላውን አበባ ሲያይ ይቆይና ድምፁን ሳያሰማ ይወጣል።

ወንድምየው አዘነና የማለዳውን ጤዛ እጥፍ አደረገው። ዋጋውም ተከትሎት እጥፍ ሆነ። የመጋረጃ ሰፊዋ ባል አውቶቡስ ነጂ ነው፤ እራት ላይ ወሬውን ሲሰማ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ “እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አሉ!” ብሎ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ወንድምየው አልሳቀም። አዲስ ሥራ ይዞ ጊዜ አጥቶ ነበር፤ ፊቱም ገርጥቷል።

“እታለም፣ እኔ ኮድ መጻፍ ነው የማውቀው፤ የሰው ጠባይ አይገባኝም” አላት። “ሰፈሩን ያዥልኝ። የምትይኝን እሠራልሻለሁ።”

“እኔም የማውቀው ጨርቅ ነው።”

“ጨርቅ የሚለብሰው ሰው አይደል?”

“መጋረጃ ነው የምሰፋው። ማንም አይለብሰውም” አለች። ግን ተቀበለችው።

ስልኳን ከልብስ ቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ጋር አስደግፋ፣ ስስ ጨርቅ እየቀመቀመች አሰበችበት። ጤዛው መውጫ ካጣ መውጫ ይሠራለት አለች። በየወሩ ለመደብ ኪራይ እንዲከፈል፣ ሳይከፈልለት የቀረ መደብ እንዲደርቅ አዘዘች። የተከፈለው ጤዛ ለማንም አይሆንም፤ ተንኖ ይጠፋል። ወንድምየው ሠራው። በመጀመሪያው ሳምንት ዋጋ ወረደና ሰፈርተኛው አጨበጨበላት።

ከዚያ ገበያው ረጭ አለ። ሁሉም ለኪራይ ብሎ ጤዛውን ያዘ። ዘር የሚገዛ ጠፋ፤ ገዥ ሲጠፋ ሻጭም መልቀም ተወ። አበቦች ዘር ሳይወሰድላቸው ጠወለጉ። ምሳ ሰዓት ላይ ስገባ የገበያው መቀመጫዎች ባዷቸውን፣ ያ ንጋት ብቻ መንገዱ ላይ ተኝቶ አገኘው ነበር። ድምፅ የለም። ሰው የሸሸው ቤት መስኮት ላይ የሚያርፍ ዓይነት ብርሃን ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ሰው ከሁሉ በላይ ማጠራቀሙ ታወቀ። ቅጽል ስሙ ጉጉት ነው። ኪራዩ እንደታዘዘ ያለውን ዘር ሁሉ በርካሽ ሸጦ ነበር፣ ራሱ ግን አንዲት ፍሬ አይገዛም፤ የሰፈሩ ጤዛ እኩሌታ እሱ ጎተራ ገብቷል ተባለ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ “ይወረስ!” የሚል ጽሑፍ እንደ ሣር በቀለ።

“አንዲት መስመር ናት” አላት ወንድሟ። “እጽፋትና ጎተራው ባዶ ይሆናል፤ ለሁሉም ይከፋፈላል።”

“የሰው በር ሳላንኳኳ አልገባም” አለችው። “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። መጀመሪያ ላነጋግረው።”

ለጉጉት መልእክት ላከችና ስልኩን ጠየቀችው፤ ሰጣት። ዝናብ መስኮቱን በሚያጥብበት አንድ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ያነሳው አንድ ሽማግሌ ነው፤ በሌላ ከተማ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ የሊፍት ሜካኒክ። ሲናገር ቃል ከቃል ያራርቃል፤ በየመሃሉ ፎቅ የሚቆጥር ይመስላል። ከኋላው የማንቆርቆሪያ ክዳን ይንተከተካል።

“አባባ፣ መርፌ ነኝ። ከጤዛ ሰፈር።”

“አወቅሁሽ ልጄ። ኪራይ ጣይዋ።” ቂም አልነበረበትም።

“ልወቅስዎ አይደለም የደወልኩት። ያ ሁሉ ጤዛ ምን እንደሚያደርግልዎ ልጠይቅ ብዬ ነው።”

ሽማግሌው ማንቆርቆሪያውን ከእሳት ሲያወርደው ተሰማት።

“እስቲ አሁን ግቢ” አላት። “የማሳይሽ መደብ ከኔ ቀጥላ ያለችው ናት። አብረን እንግባ።”

ስልኩን በትከሻዋ ይዛ በኮምፒውተሯ ገባች። ያቺ መደብ ጸጥ ያለች ናት። ትናንሽ ሰማያዊ አበቦች በጠማማ መስመር ተተክለዋል፤ መሃላቸው አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ በተሰቀለች ሰሌዳ፣ “ቁጭ በሉ፣ መጣሁ” ተብሎ ተጽፏል።

“ባለቤቴ ናት” አለ ሽማግሌው። “እዚህ ቅጽል ስሟ ማለዳ ነበር። ሆስፒታል ልትገባ ስትል የጻፈቻት ናት። አልተመለሰችም። እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር ዳተኛ ነኝ፤ እጄን ይዛ ያስገባችኝ እሷ ናት። አሁን የኔንም የሷንም ኪራይ እከፍላለሁ። ነገር ግን ልጄ፣ እኔም ተራዬ ደርሷል። ስሄድ ማን ይከፍልላታል? ሊፍት ገመዱ ቢበጠስ የሚይዘው ፍሬን አለው። እኔም ፍሬን እያዘጋጀሁላት ነው። ስግብግብ አትበዪኝ።”

በስክሪኑ ላይ ያለችውን ራሷን ወደ ወንበሩ ወስዳ አስቀመጠቻት፤ እሱም መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ስልኩ እንደተከፈተ የማያልቀውን ንጋት ሲያዩ ቆዩ። ከጭንቅላቷ በላይ መጋረጃዎቹ ቀስ ብለው ይነፋሉ። የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለች ለአፍታ እንደጠፋት ኋላ ነግራኛለች።

በሚቀጥሉት ቀናት ሌሎቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። ጫማ ሻጯ የሟች እህቷን መደብ ትጠብቃለች። ነርሱ ተረኝነት ሲበዛበት የመክፈያው ቀን ያልፈኛል ብሎ ይሰጋል። እኔንም ጠየቀችኝ፤ “ምክንያት የለኝም፣ ሌላው ሲይዝ አይቼ ያዝኩ” አልኳት። ስግብግብ ፍለጋ ወጥታ ፈሪ ብቻ አገኘች። ፍርሃቱን ደግሞ የዘራችው ራሷ ነበረች።

ወንድሟን ክፍሏ ድረስ አስጠራችው።

“ኪራዩን አንሳው።”

“አብደሻል እታለም? የተቆለፈው ጤዛ ሁሉ ባንዴ ገበያ ሲወርድ ጎርፍ ነው። ዋጋው ከበፊቱም ይብሳል።”

“ለዚህ ነዋ ወንዝ የምትሠራልኝ።”

“ምን የምሠራልሽ?”

መቀሷን አስቀምጣ አስረዳችው። በሰፈሩ ላይኛው ጫፍ አንድ ዓለት ይኑር። የፈለገ ሰው ጤዛውን እዚያ ያፍስስ፤ የፈሰሰው ተመልሶ የማንም ገንዘብ አይሆንም፤ ወንዙ ግን በዚያው ልክ ይረዝማል፣ ያለፈበትን መደብ ሁሉ በነፃ ያጠጣል። የማለዳው ጤዛም ስልክ ለከፈተ ሁሉ መውረዱ ይቅር። ጎረቤቱን ሄዶ ለጠየቀ ሰው ጥቂት ጥቂት ይውረድለት።

“ወዶ የሚያፈስ ካልተገኘስ?”

“ያኔ እኔን ስደበኝ።”

ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ሐኪም ቤቱ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። “መደባችሁ የእናንተ ነው። የሞተ ሰው መደብም የእሱ ነው። ከእንግዲህ አይደርቅም። ፈርታችሁ እንድትኖሩ ያደረግኋችሁ እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ።” ይላል።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያመጣው ረብሻ ነው። ኪራይ ቀረ ሲባል ሰዉ ያጠራቀመውን ይዞ ገበያ ተጋፋ፤ ዋጋ ዘለለ። “ቸርቻሪው” የሚባለው ሰውዬ፣ “ትናንት አጠራቅሙ፣ ዛሬ አፍስሱ፤ ነገ ደግሞ ጠጡት ልትሉን ነው?” ብሎ ጽፎ ወጣ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ወንዙ ከዓለቱ ሥር እንደ ክር ቀጥኖ ቀረ። ባሏ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየና፣ “እሜቴ፣ የኛ ቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከዚህ ይሻላል” አላት። ሳቋ መጣና መሃል ላይ ተቆረጠ፤ ዞር ብላ ጨርቋን ማጠፍ ያዘች። ያኔ አቀፋት።

ሽማግሌው ደወለ።

“ልጄ፣ እውነት አይደርቅም?”

“አይደርቅም አባባ። ልማልልዎ?”

“መሐላ ምን ያደርግልኛል? ወንድምሽ እንዴት እንደሠራው ያሳየኝ። እኔ ፍሬን ሳልነካ ሰው ሊፍት ላይ አሳፍሬ አላውቅም።”

ወንድምየው የዕረፍት ቀኑን ሰውቶ አስረዳው። መደቦቹ የት እንደሚቀመጡ፣ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ቅጂያቸው የት እንዳለ፣ ራሱ ወንድምየው ባይኖር ማን እንደሚረከብ፤ ሽማግሌው እያቋረጠ ጠየቀ። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ስለዚህ እዚያው ተነጋግረው ሁለት ነባር ሰፈርተኞች ቁልፉን እንዲይዙ ተደረገ። “ይኼ ገመድ ነው፣ ያ ፍሬን ነው፤ አሁን ገባኝ” አለ ሽማግሌው።

ባፈሰሰው ቀን እዚያ ነበርኩ። ወሬው ቀድሞ ስለተሰማ ብዙ ሰው ከላይ እስከ ታች ቆሟል። ጉጉት በዝግታ ወደ ዓለቱ ወጣ፤ ያጠራቀመውን ከሞላ ጎደል ሁሉን ለቀቀው። ውሃው ድምፅ አልነበረውም፤ ወንድምየው ድምፅ መሥራት ረስቶ ነበር። የንጋቱን ብርሃን ተሸክሞ፣ በሰማያዊዎቹ አበቦች ሥር ዞሮ፣ ባዶ መደቦችን እየዳሰሰ፣ ገበያውን ለሁለት ከፍሎ ወረደ። እንግዳ መቀበያዬ ላይ ጉንጩ ያበጠ በሽተኛ ስሙን ሁለቴ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።

ከዚያ ጫማ ሻጯ አፈሰሰች፣ ነርሱ ቀጠለ፤ እኔም ያለችኝን ይዤ ወጣሁ። ዋጋው በአንድ ጀንበር አልወረደም፤ እንደ ትኩሳት ቀስ እያለ ለቀቀ። ወቅት ተለውጦ መስኮት ከፍቶ መቀመጥ ሲጀመር፣ ጎረቤቶቿን ስትጠይቅ የሰነበተች አዲስ ሴት ባገኘችው ጠብታ የመጀመሪያ ዘሯን ገዛች። ገበያው ውስጥ እንደገና ወሬና ክርክር ተሰማ። የጠፋም አለ። ጫፉ ወርቃማ የሆነ አንድ ነጭ አበባ በዝምታው ወራት ዘሩ ሳይለቀም ቀርቶ ከነጭራሹ ከሰፈሩ ጠፍቷል። ወንድሟ እንደገና ልሥራው ቢላት “ተው፣ የጠፋ ይጥፋ” አለችው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችውም።

በቅርቡ ሽማግሌው ከሰዓት በኋላ ደውሎላት ነበር፤ እሷ ረጅም መጋረጃ ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች።

“ልጄ፣ ይኼ ወንዝ መድረሻው የት ነው?”

“ወንድሜ እዚያ ድረስ አልጻፈውም አባባ። እሱም አያውቀውም።”

“እንዲያ ነው? እንግዲያስ ተከትዬው ልየዋ” አለ። በስክሪኑ ላይ ከመደቡ ተነሥቶ የወንዙን ዳር ይዞ ወረደ፤ ወደ ዓለቱ ከወጣበት ቀን በቀር ከሱና ከሚስቱ መደብ አልፎ ሲሄድ አይታው አታውቅም። ስልኩን አልዘጋውም። በየመሃሉ “እዚህ ደግሞ ድንች ተክለዋል!” “እዚህ ማንም የለም” ይላታል፤ እሷም መርፌዋን አቁማ፣ ትንፋሹን በጆሮዋ እየሰማች፣ “ይሂዱ፣ አለሁ” ትለዋለች።